ዳቡስ ዳር የቀረው ኮንጎ ጫማ

ሚስቴን ወንዝ በላት ብዬ ያመንኩበት አንድ እሑድ አለ። ለሰው ብዙ ጊዜ አውርቼዋለሁ። ሳወራው ግን ሰው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ነገሩም ሌላ ነገር ሆኖ ያልቃል። በጽሑፍ የሚስቅብኝ ስለሌለ ጻፍኩት።

አሶሳ የክልል ከተማ ከሆነች ገና ጥቂት ዓመቷ ነበር። ቢሮ በቢሮ ላይ ይከፈታል። ለቢሮው ሁሉ ቤት አልተገኘም፤ መጋዘን ውስጥ የሚሠሩ ነበሩ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ጠረጴዛ አውጥተው ማህተም የሚመቱም ነበሩ። ሠራተኛው ከጎጃም፣ ከሸዋ፣ ከወለጋ ተመድቦ የመጣ ነው። እኔና ሚስቴ ከነሱ በፊት የመጣን ነን። በደርግ ጊዜ ከወሎ ለሠፈራ ጭነው አምጥተው ጫካ ውስጥ አራገፉን። ሁለቱን ልጆቻችንን እዚያው ሠፈራ መንደር ላይ ወባ ወሰደብን። ከዚያ በኋላ መሬቱን ማረስ አስጠላኝና ከተማ ገባን። እሷ ገበያ ላይ በርበሬና ሽንኩርት ትሸጣለች፣ እኔ ምግብ ቤት ከፈትኩ።

ምግብ ቤት ልበለው እንጂ የቀርከሃ ግድግዳና ጥቂት አግዳሚ ወንበር ነው። ዓሣ እጠብሳለሁ። ሌላ አልሠራም። አንዳንዱ ሠራተኛ ገብቶ የበግ ጥብስ የለም ወይ ሲለኝ፣ ዓሣው ምን አደረገህ እለዋለሁ። ይቀየምና ይወጣል፤ በማግስቱ ተመልሶ ይመጣል፤ የት ይሄዳል?

እሑድ እሑድ ግን ይህ ሁሉ ሠራተኛ መድረሻ አልነበረውም። መፍትሔ ያመጣው አንድ የሒሳብ ሹም ነው፤ በወታደርነቱ ዘመን ምጽዋ የኖረ ሰው ነው። ዳቡስ ወንዝ በበጋ ሲጎድል ከድልድዩ ወረድ ብሎ ሰፊ ነጭ አሸዋ ይወጣል። እሱን ሲያይ፣ አገራችን ያጣችውን ባሕር እዚህ ነው ለካ የደበቀችው አለና ስሙን ቀይ ባሕር አወጣለት። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ በቢሮው ፒክአፕ እኔን ከነመጥበሻዬ ጭነው ይወርዳሉ። እኔ እጠብሳለሁ፣ እነሱ ይዋኛሉ፣ ይበላሉ፣ ቢራቸውን ውሃ ውስጥ ቀብረው ያቀዘቅዛሉ።

አሸዋው ባለቤት ነበረው። በወረቀት አይደለም። አንድ የበርታ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ በየበጋው እዚያ ጎጆ ቀልሶ ይኖራል፤ ዓሣውንም ከሱ ነው የምገዛው። ሁለት ሕግ አለው። አንደኛው፣ መጀመሪያ የተጠበሰው ዓሣ ከወንዙ እጥፋት ወዲያ ወርቅ ለሚያጥቡት ሴቶች ይሄዳል፤ ከኛ በፊት አሸዋው ላይ የነበሩት እነሱ ናቸው። ሁለተኛው፣ ማንም ሰው ጫማ አድርጎ አሸዋው ላይ አይወርድም። ጫማውን ከላይ ከትልቁ ዛፍ ሥር ይደረድራል፣ አፍንጫውን ወደ መንገዱ አዙሮ። ሠራተኞቹ መጀመሪያ የሃይማኖት ነገር መሰላቸው። አንዱ የዛር ነው ብሎ ፈራ። ሽማግሌውን ብጠይቀው እንዲህ አለኝ፦

"ማታ ሰው ጫማ ያደርጋል፣ ይሄዳል። ጫማ ከቀረ፣ ሰው ውሃ ውስጥ ነው።"

ያ እሑድ ከመድረሱ በፊት ባለው ሳምንት ሚስቴ እኔንም ውሰደኝ አለችኝ። የቢሮ ሰው ቦታ ነው፣ አንቺ እዚያ ምን ትሠሪያለሽ አልኳት። እቀመጣለሁ አለች። መቀመጥማ ቤትም አለ አልኳት። ዝምታዋን ለምጄዋለሁ። ልጆቹ ከሞቱ ወዲህ ንግግሯ እየቀነሰ ሄዶ ነበር። አንዳንዴ ማታ የጠየቅኋትን በማግስቱ እህል ስትለቅም ትመልስልኛለች፤ ምን ጠይቄያት እንደነበር እኔው እረሳዋለሁ። አንድ ቤት ውስጥ እየኖርን የምትርቀኝ ይመስለኝ ነበር። ምን አደርጋለሁ?

እሑድ ጠዋት ተኝታ ትቻት ወጣሁ። ሠራተኛውን ከየቤቱ ስንለቅም፣ መንገዳችን ላይ ባምባሲ ደግሞ ዳቦው እስኪወጣ ስንጠብቅ ረፈደ። አሸዋው ላይ ስንደርስ ሰዉ እየሮጠ ጫማውን ዛፉ ሥር ጥሎ ወረደ። እኔም ዘይቱን ተሸክሜ ስለነበር ጫማዬን በእግሬ ገፍቼ አወለቅሁና አለፍኩ። ሽማግሌው በታንኳው ወዲያ ማዶ መረቡን እየሰበሰበ ነበር።

ቀኑ ደግ ቀን አልነበረም። ንፋስ የሚባል የለም። የእሳቴ ጭስ ወደ ላይ መውጣት እምቢ ብሎ አሸዋው ላይ ተኛ፤ ሰዉ በጭሱ ውስጥ ሲሄድ ከጉልበቱ በታች እግር የሌለው ይመስላል። ወንዙ የሚፈስ አይመስልም፣ ዘይት የፈሰሰበት ሰሌዳ ነው። ከማዶ ሰዎች ሲያወሩ አጠገቤ እንዳሉ ይሰማኛል፤ ቀና ስል ማዶ ማንም የለም። ከእጥፋቱ በኩል ወርቅ አጣቢዎቹ አሸዋውን ሲቆፍሩ ድም፣ ድም፣ ድም ይላል፤ ከመሬቱ ሥር አንድ ሰው በር የሚያንኳኳ ይመስላል። የሒሳብ ሹሙ እንኳ ቀልዱ አልወጣለት ብሎ ቶሎ ከውሃ ወጣ። የመጀመሪያውን መጥበሻ እንደ ልማዳችን ወስጄ ለሴቶቹ ሰጠሁና ተመለስኩ። አምባዛ ዓሣው ጥሩ ነበር፤ ሰዉ በዳቦና በሚጥሚጣ ጠራረገው። እንዲያም ሆኖ ዛሬ ቶሎ እንሂድ ያላለ አልነበረም።

ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ሰዉ ጫማውን አደረገ፣ መኪናው ላይ ወጣ። ዛፉ ሥር አንድ ጫማ ቀረ። ሴት የምታደርገው ጥቁር ኮንጎ።

ሁሉም የየራሱን እግር አየ። ጫማ የሌለው የለም። አብረውን ከመጡት ሁለት ሴት ጸሐፊዎች አንዷ፣ እኔ ኮንጎ አድርጌ አላውቅም ብላ ተቆጣች። አንዱ ወጣት፣ ቀይ ባሕር ከተማ መውጣት አማረውና ጫማውን አስቀድሞ ላከ ብሎ ቀለደ። ጥቂቶች ሳቁለት።

ሽማግሌው ግን መጥቶ መኪናው ፊት ቆመ።

"ጫማ አለ። ሰው የለም። መኪና አይሄድም።"

ሾፌሩ፣ አባቴ፣ ሰዉ ሁሉ ተሟልቷል፣ የማንን ሰው ነው የምንፈልገው አለው። እኔም መጥበሻዬን ይዤ ስለደከመኝ፣ ተወው፣ መንገደኛ ጥሎት ይሆናል ብዬ ጫማውን ልወረውረው አነሳሁት። ስገለብጠው ተረከዙ ላይ ቢጫ መጣፊያ አየሁ። የተሰበረ ጀሪካን ቆርጬ፣ ቢላ አግዬ፣ አቅልጬ የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ቢላው ሲያመልጠኝ ያቃጠልኩት ጠባሳ እንኳ ከጎኑ አለ።

"ይሄ የሚስቴ ነው" አልኩ።

"ጋሼ፣ ሚስትህ አሶሳ አይደለችም እንዴ?" አለ የሒሳብ ሹሙ።

"አሶሳ ናት።"

ከዚያ በኋላ የቀለደ የለም። ሁሉም ከመኪናው ወረደ። ጫማውን ማውለቁን ማንም አላሰበው፣ ሽማግሌውም አልተናገረም።

ከዛፉ ሥር ተነስቼ ዱካ ፈለግሁ። የሰዉ እግር አሸዋውን አምሶታል፤ ግን ጠርዝ ጠርዙን አንድ ትንሽ የእግር ዱካ ብቻውን ይወርዳል። የግራው እግር ጣት ወደ ውስጥ ይታጠፋል። የሷ ነው። ሠፈራ መንደር ሳለን ውሃ ለመቅዳት ስትወርድ ጭቃው ላይ አየው ነበር። ተከተልኩት። ውሃው አፍ ድረስ ወረደ፣ ገባ፣ ቀረ። ወዲያና ወዲህ ዳሩን አየሁ። የገባ እንጂ የወጣ የለም።

ሽማግሌው ታንኳውን ገፍቶ በረጅም ቀርከሃ ታቹን መውጋት ጀመረ። ቀርከሃው ይገባል፣ ይወጣል፣ ይገባል፣ ይወጣል። አንድ ቦታ ሲደርስ እንደመቆም ይልና ሽማግሌው ቀስ ብሎ ይዳብሳል። ግንድ ነው ይልና ያልፋል። እዚያ ወንዝ ውስጥ አዞ አለ፤ ማንም አላነሳውም።

ሠራተኞቹ ዳር ዳሩን ይጣራሉ። ስሟን አያውቁትም። እትዬ፣ እናት፣ ኧረ እትዬ ይላሉ፤ ድምፃቸው ማዶ ደርሶ ቀጭን ሆኖ ይመለሳል። የሒሳብ ሹሙ፣ ጋሼ አንተ በስሟ ጥራት እንጂ አለኝ። አፌን ከፈትኩ። ልጆቹ ሳይሞቱ በልጅ ስም ነበር የምንጠራራው፣ የእገሌ እናት፣ የእገሌ አባት እየተባባልን። ከሞቱ በኋላ ያንን መጥራት አልቻልንም፣ ሌላም አላወጣንም። ስለዚህ ከአፌ የወጣው "አንቺ!" ነው። ወንዙም "አንቺ" ብሎ መለሰልኝ። ሰዎቹ ዞረው አዩኝ። ከዚያ ወዲያ አልጮህኩም።

ዝም ስል አንድ ነገር ታወቀኝ። ያ ድም ድም የሚለው ቁፋሮ ቆሟል። ቀኑን ሙሉ ሲመታ መስማቱን ትቼው ነበር፤ አሁን ሲቆም ነው የሰማሁት። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ጫማውን እንደያዝኩ ወደ እጥፋቱ ሄድኩ።

ሴቶቹ ጉድጓዱን ትተው የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ከበው ተቀምጠዋል። ሁሉም ቶብ የሚሉትን የሱዳን ጨርቅ ከራሳቸው እስከ እግራቸው ተጠቅልለዋል፤ የተጠቀለሉትም የሚበሉትም ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው ስለሆነ ፊት አይታይም፣ ጥላ ነው። ጫማውን ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። ያን ሁሉ ዓመት እዚያ አገር ኖሬ ከሰላምታ በቀር የበርታ ቋንቋ አላውቅም፤ ቸግሮኝ ሰላምታ ሰጠሁ። አንድ በአንድ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሙሉውን ሰላምታ መለሱልኝ። አንዷ ብቻ አልመለሰችም።

"ቀን ዓሣ ሰጥተኸኝ ሄድክ" አለችኝ፣ በወሎ አማርኛ።

ሰውነቷን አየሁ፣ ድምጿንም ሰማሁ፣ ግን ለአፍታ ሚስቴ ናት ብዬ ለመቀበል አልቻልኩም። ወንዙ የመለሳት ሌላ ሴት መሰለችኝ። ሽማግሌው እንዲሰማ እዚህ ናት ብዬ ተጣራሁ፤ ድምፄ የሌላ ሰው ነበር።

እንዴት እንደመጣሽ ንገሪኝ አልኳት። እኔ እንደወጣሁ በጭነት መኪና ተነስታ፣ ባምባሲ ዳቦ ስጠብቅ አልፋኝ፣ ድልድዩ ላይ ወርዳ ነው። ከሴቶቹ ጋር ገበያ ላይ ከተዋወቀች ቆይታለች፤ ቋንቋቸውንም እኔ ሳላውቅ ለምዳዋለች። ዱካሽ ውሃ ገብቶ ቀረ እኮ አልኳት።

"አሸዋው ያቃጥላል። በውሃው ዳር ዳር መጣሁ።"

"ዓሣውን ስሰጥሽ ለምን አልተናገርሽም?"

ገንፎውን በጣቷ ቆረሰች፣ ግን አልጎረሰችውም።

"ለራሴ አንድ ነገር ብዬ ነበር። ካወቀኝ አብሬው በመኪናው እመለሳለሁ፤ ካላወቀኝ ክረምት እስኪገባ ከነዚህ ጋር እቀራለሁ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ያኔ አውቀዋለሁ። ሳህኑን እጄ ላይ አስቀመጥክ። አየኸኝ። ሹክረን ብዬ አመሰገንኩህ። ዘወር ብለህ ሄድክ።"

ፀሐዩ ከኋላሽ ነበር አልኳት። እውነት ነው፣ ከኋላዋ ነበር፤ አሁንም ቢሆን እሱን አልለቅም። ደግሞም አልኳት፣

"ጫማሽን አውቄዋለሁ።"

"የለጠፍከው አንተ ነህ። የእጅህን ሥራ ነው ያወቅኸው።"

ከላይ ጥሩምባ ተነፋ፤ የሒሳብ ሹሙ እጥፋቱ ላይ ብቅ አለና ሁለታችንንም አይቶ፣ ጋሼ እንሂድ፣ ይመሻል አለ። ሂዱ አልኩት። እንዴት ጥለንህ ብሎ ተከራከረ። መጥበሻውን ውሰዱልኝ፣ ሂዱ አልኩት። የመኪናው ድምፅ ዳገቱን ወጥቶ ጠፋ።

ተቀመጥኩ። ከሴቶቹ ትልቋ ሳህኑን ወደኔ ገፋችልኝና በላሁ። ገንፎው ቀዝቅዟል። ትንሽ ቆይተው ሴቶቹ ገበቴያቸውን አንስተው ወደ መንደራቸው መንገድ ያዙ። ጥቂት ሄደው ቆሙና ዞረው ሚስቴን ጠበቋት። እሷ አልተነሳችም፣ ሂዱም አላለቻቸውም። ወንዙ ጠቆረ። ሽማግሌው ከታንኳው ወርዶ ጎጆው ውስጥ እሳት ሲያነድ ይታያል።

"እይ እንግዲህ" አለችኝና ቶቡን ከራሷ ላይ አወረደችው።

አየሁ። ቅንድቧ ሸብቷል። መቼ እንደሸበተ አላውቅም። ከዓይኗ ሥር ሁለት ጎድጓዳ መስመር ወርዷል፣ አንደኛው ወደ ጆሮዋ ይሄዳል። የፊት ጥርሷ ጫፉ ተሸርፏል። አገጯ ላይ ያለውን ንቅሳት አስታውሰዋለሁ፣ አረንጓዴ ነበር፤ አሁን ወደ አመድ ሄዷል። የሰው ፊት እንደዚያ አይቼ አላውቅም፤ የማላውቃት ሴት ፊት ላይ የማውቀውን አንድ አንድ እየለቀምኩ ነበር። ፈራሁ። ዓይኔን ከፊቷ ላነሳ ፈልጌ ነበር፣ ግን ካነሳሁ ተነስታ ከሴቶቹ ጋር እንደምትሄድ ገባኝ። እሷም አያየኝም ብላ እንዳትጠረጥር ሳልንቀሳቀስ አየሁ። ሴቶቹ መንገዱ ላይ እንደቆሙ ናቸው። ጨለማው መጀመሪያ መስመሮቹን፣ ቀጥሎ ንቅሳቱን፣ ቀጥሎ ዓይኗን ወሰደው፤ የማየው ሲጠፋም ዓይኔ እዚያው ነበር።

ያኔ ወደ ሴቶቹ ዞራ በነሱ ቋንቋ አንድ ነገር አለች። የእግራቸው ኮቴ ተነሳና ራቀ።

"ተነስ" አለችኝ። "ድልድዩ ላይ ጭነት መኪና አይጠፋም።"