የአንድ ተቃውሞ ኮት

ጎረቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «አንድ ተቃውሞ» ነው የሚለው። ስሙን ያወጣለት ምክር ቤቱ ነው። መንግሥት አዋጅ ባቀረበ ቁጥር አፈ ጉባኤው «የሚደግፉ?» ይላሉ፤ አዳራሹ እጅ በእጅ ይሆናል። «የሚቃወሙ?» ይላሉ፤ ከኋላው ረድፍ፣ ከምሰሶው አጠገብ፣ አንዲት ክንድ ብቻዋን ትቆማለች። «በአንድ ተቃውሞ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል!» ይሉና መዶሻቸውን ጠረጴዛው ላይ ያሳርፋሉ። በቃ። የሰፈሩ ልጆች እንኳ ኳስ ሲጫወቱ አንዱ አልወጣም ብሎ ድርቅ ካለ «አንተ ደግሞ አንድ ተቃውሞ ነህ እንዴ?» ይሉታል።

ከዚያ በፊት የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። በየወሩ ቤት ለቤት እየዞረ፣ ጎንበስ ብሎ ክዳን እየከፈተ፣ «እማማ፣ ቧንቧዎ ያንጠባጥባል መሰለኝ፣ ያሳዩት» የሚል ሰው። ለምክር ቤት ሲወዳደር፣ የገዢው ፓርቲ እጩ በሰፈራችን አንድ ጊዜ በመኪና አለፉ፤ አቧራ ስለነበረ መስኮት አልከፈቱም። እሱ ግን በሁላችንም ጓሮ ገብቶ ያውቃል፤ የማን ውሻ እንደሚናከስ ሳይቀር። መረጥነው። ሚስቱ ማሸነፉን ስትሰማ «በል እንግዲህ፣ እዚያም ውሻ አለ፤ ሱሪህን ጠብቅ» አለችው።

ሱሪውስ ደህና ነው፤ ያስቸገረው ኮቱ ነው። ያለችው ኮት አንዲት ናት፣ ለሠርጉ የተሰፋች። እሱ ከሠርጉ ወዲህ ወፍሯል፣ ኮቷ ግን አልሰማችም። እጁን ባነሳ ቁጥር የቀኝ ብብቷ ተርተር ይላል። መንግሥትን የሚደግፉትም እጅ ያነሳሉ፤ የእነሱ ኮት ግን በየዓመቱ ስለሚቀየር ለመቀደድ ጊዜ የለውም።

ኮቷን የሚጠግንለት፣ ከግቢያችን በስተኋላ ያለችውን ክፍል የተከራየው ልብስ ሰፊ ነው። ልብስ ሰፊው የዚህ አገር ሰው አይደለም። ጦርነት ከድንበር ማዶ ነቅሎ ሲያመጣው የስፌት መኪናውን ራስ በጨርቅ ጠቅልሎ አዝሎት ነበር፤ ያየው ሁሉ ሕፃን መስሎት መንገድ ይለቅለታል። ቋንቋችንን የተማረው ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ነው፤ ፊደላችንን ደግሞ ከጋዜጣ። የሱሪና የእጅጌ ልክ የሚያወጣው በአሮጌ ጋዜጣ ላይ ነዋ። በኋላ እኔንም ያስቆጠረኝ እሱ ነው። ስንት አስተማሪ ባለበት አገር፣ ፊደል የገባኝ ከአንድ ስደተኛ መቀስ ሥር ነው። ይህን ግን ለመንግሥት ባልነግር ይሻላል፤ «ያለ ፈቃድ ማስተማር» ብለው አንቀጽ ይጨምሩበታል።

ጋዜጣ ሲያልቅበት አንድ ተቃውሞ ከምክር ቤት የሚታደለውን ረቂቅ ያመጣለታል። ወረቀቱ ወፍራም ነው፣ ቶሎ አይቀደድም። ስለዚህ የግብር አዋጁ የሱሪ እግር ሆኖ፣ የመንገድ አዋጁ የኪስ ልክ ሆኖ ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል። ከወጡት አዋጆች ሁሉ ለሰው ልክ ሆነው ያየኋቸው እነዚያን ብቻ ነው።

ባለፈው ዓመት የመጣው ረቂቅ ስለ ውጭ አገር ሰዎች ነበር። ፋብሪካ ወይም ባንክ ውስጥ ወፍራም ገንዘብ የሌለው የውጭ ሰው ሁሉ ከአገር ይውጣ ይላል። ምክንያቱም «የዜጎችን ሥራ ይሻማሉ»። ዜጋው ሁሉ የአንድ ተቃውሞን ብብት ልስፋ ብሎ የተሰለፈ ይመስል! ከረቂቁ ጋር አብሮ የመጣው በጀት ደግሞ ሰዎቹን መርምሮ ለማስወጣት አዲስ ሕንፃ ይሠራል ይላል፤ ወለሉ እብነ በረድ፣ ከፊቱም ውሃ በቀለም በቀለም የሚረጭ ፏፏቴ።

አንድ ተቃውሞ ተነሳ። የሚሰጡት ሦስት ደቂቃ ነው።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ እኔ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለቴ ነው። እናንተ ወደ ሰማይ ልትረጩት ነው። ደግሞስ የሚባረር ሰው ሻንጣውን ይዞ ነው የሚመጣው ወይስ ፏፏቴ ሥር ፎቶ ሊነሳ?»

ሚኒስትሩ ፈገግ ብለው መለሱ። «የተከበሩ አባል ቆጣሪ ማንበብ ስለለመደባቸው ሁሉም ነገር የሚፈስ ይመስላቸዋል።» አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ከዚያ ስለ አገር ገጽታ ብዙ ተናገሩ፤ የእሳቸውን ደቂቃ የሚቆጥር የለም።

ድምፅ የሚሰጠው በሳምንቱ ነበር። በመካከሉ የመንግሥት ተጠሪው፣ ማለትም የገዢው ፓርቲ እጆች በሰዓቱ መነሳታቸውን የሚጠብቁት ሰውዬ፣ ኮሪደር ላይ ያዙት። ቤቱ ሲመጣ እንዲህ ብሎ ነገረን፦

«ትከሻዬን አቅፈው ‹ወንድሜ፣ ቤተሰብ ደህና?› አሉኝ። ‹የውጭ እንግዶች አሉብን፣ በቴሌቪዥን በቀጥታ ይተላለፋል። አንድ ቀን እንኳ በሙሉ ድምፅ ብንባል ምን አለበት? ደግፍ አላልንህም፤ እጅህን ጭንህ ላይ አስቀምጣት፣ በቃ። ያ ልብስ ሰፊህ ጥሩ ሰው ነው አሉ። የመኖሪያ ወረቀቱ በማግሥቱ እጁ ይገባል› አሉኝ።»

«ታዲያ አስቀምጣታ!» አለች ሚስቱ፣ የምታሰጣውን ልብስ ትከሻዋ ላይ ጥላ። «አነሳህ አላነሳህ አዋጁ እንደሆነ ይጸድቃል። እስከ ዛሬ ብብትህን ከማስቀደድ ሌላ ምን አተረፍክ?»

«ሌሎቹስ? በየሰፈሩ ስንት ልብስ ሰፊ፣ ስንት ግንበኛ አለ።»

«የሌሎቹን ቤት ታውቀዋለህ?»

«ቆጣሪያቸውን አውቃለሁ።»

«አትቀልድብኝ! የዚህን ሰው ሳሉን እንኳ ታውቃለህ። እማማ፣ እስቲ ይንገሩት!»

እኔ ምን ልበል? ልቤ ከሚስቱ ጋር ነበር። «ልጄ፣ ሰውየውን አታስወስድብን» አልኩት።

አንገቱን ደፋ። «እሺ» አለ። እሺ ሲል ቁመቱ ያጠረ መሰለኝ።

ለልብስ ሰፊው ማንም አልነገረውም። በዋዜማው አንድ ተቃውሞ ኮቱን ሊቀበል ሲሄድ እኔም ለሽርጤ ብዬ ተከተልኩት።

«ጋሼ፣ ይልበሱት እስቲ» አለ ልብስ ሰፊው፣ ኮቷን ዘርግቶ ይዞ። «ብብቱን በየጊዜው መስፋት ሰለቸኝ። ከውስጥ ቁራጭ ጨምሬ አሰፋሁት። አሁን ጣሪያ ቢነኩ አይቀደድም።»

የቁራጯ ልክ የወጣበት ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ የውጭ አገር ሰዎች አዋጅ፣ አንቀጽ ስድስት።

«ስንት ልስጥህ?»

«ይተውት። ነገ የኔም ነገር አይደል የሚነሳው? ያንሱት እስቲ ክንድዎን።»

አንድ ተቃውሞ እስከ ትከሻው ድረስ አነሳና መለሳት። «ጎሽ፣ ልክ ነው» አለ፤ ፊቱን ግን ወደ በሩ አዞረ።

በማግሥቱ እኔ ክፍል ቴሌቪዥን ከፈትን፤ ሚስቱ፣ እኔ፣ ልብስ ሰፊውም የሚዘመዝመውን ቀሚስ ይዞ። እንግዶቹ ሰገነት ላይ ተደርድረዋል። «የሚደግፉ?» ተባለ፤ አዳራሹ እጅ ሆነ። «የሚቃወሙ?» ካሜራው ለምዶበት ወደ ኋላው ረድፍ ሮጠ። አንድ ተቃውሞ ሁለቱን እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ሚስቱ እፎይ አለች።

አፈ ጉባኤው ግን ከወረቀታቸው ቀና አላሉም። ዘወትር የሚሉትን ለማለት ለምን ቀና ይላሉ?

«በአንድ ተቃውሞ፣ በአብላጫ ድምፅ ጸድቋል!»

የመንግሥት ተጠሪው ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ፤ ያች «ሙሉ ድምፅ» ስታመልጣቸው ፊታቸው ላይ ታየ። ዞረው አንድ ተቃውሞን በዓይናቸው ጠቀሱት። እሱም ተነሳ።

«የተከበሩ አፈ ጉባኤ፣ እጄን አላነሳሁም።»

«ምን አሉ?»

«አልተቃወምኩም ነው የምለው።»

ሳቅ ሆነ። አፈ ጉባኤው መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲያው ቃለ ጉባኤው ይታረማል። የተከበሩ አባል ይደግፋሉ ማለት ነው?»

አንድ ተቃውሞ የኮቷን ቁልፍ ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ።

«ወይስ ድምፀ ተአቅቦ? አንዱን ይበሉን እንጂ፣ እንግዶች አሉብን።»

«ደግፌያለሁ በልና ተቀመጥ፣ በሞቴ ተቀመጥ» ትላለች ሚስቱ፣ ቴሌቪዥኑን እየለመነች።

«ጋሼ ምን ሆነው ነው? አሟቸው ነው?» አለ ልብስ ሰፊው።

አልቻለችም፤ ነገሩን ዘከዘከችለት። የተጠሪውን ቃል፣ ወረቀቱን፣ እሺ ያለውን ሁሉ። ልብስ ሰፊው መርፌውን ቀሚሱ ላይ ሰካ።

«እጄን አስቀምጬ መዋል የምችል መስሎኝ ነበር» አለ አንድ ተቃውሞ፣ ድምፁ እየሰለለ። «እደግፋለሁ ማለት ግን አፌ እምቢ አለ። ቃለ ጉባኤው እንዳለ ይቀመጥልኝ።» ከዚያ ክንዱን አነሳ። እስከ ትከሻ አይደለም፤ አምፖል ሊቀይር እንደተንጠራራ ሰው።

«በአንድ ተቃውሞ» አሉ አፈ ጉባኤው፣ ድሮስ በሚል ድምፅ።

ሚስቱ አፏን በመዳፏ ያዘች። እኔ የልብስ ሰፊውን ፊት ማየት ፈራሁ። እሱ ተነስቶ ወደ ቴሌቪዥኑ ተጠጋና ከተነሳው ክንድ ሥር በጣቱ ነካ።

«አልተቀደደም» አለ።

ማምሻውን ልብስ ሰፊው አንድ ተቃውሞን ግቢ መግባት ፈርቶ ውጭ ቆሞ አገኘው። «ይቅር በለኝ» አለው።

«ምኑን?» አለ ልብስ ሰፊው። «እንዲነሳ ብዬ አይደል የሰፋሁት?» ይህን ብሎ ክፍሉ ገባ፤ መኪናው ግን ያን ቀን አልተሰማም።

አዋጁ ታወጀ። አንቀጽ ስድስት፣ ማንም ሰው ከአገር የሚወጣው በአዲሱ ሕንፃ ተመርምሮ፣ እዚያው ማህተም ተመትቶበት ብቻ ነው ይላል። መንግሥትም ሥራውን በፏፏቴው ጀመረ። ሪባን ተቆረጠ፤ ውሃው ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ሆኖ ተረጨ። ከዚያ በጀቱ አለቀ። ሕንፃው እስከ ዛሬ ምሰሶ ብቻ ነው፤ ማህተሙን የሚመታ ሰው የሚቀመጥበት መስኮት የለም። ልብስ ሰፊውም እዚሁ አለ፤ የሚባረርበት ቤት ተሠርቶ እስኪያልቅ እየጠበቀ። እኔ በዕድሜዬ ለመንግሥት ጸልዬ አላውቅም፤ ዘንድሮ ግን ገንዘቡን ሁሉ ፏፏቴው ላይ እንዲያፈስ እጸልይለታለሁ።

በቀደም አንድ ተቃውሞ አንድ ወረቀት ይዞ ልብስ ሰፊው ክፍል መጣ። ለምክር ቤቱ ያዘጋጀው ጥያቄ ነው። የሕንፃው ገንዘብ የት ገባ? ለምን አላለቀም? ማን ይጠየቃል? ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበልን። እውነትም የሚያፋጥጥ ነበር።

«በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው» አለች ሚስቱ። «አፍረው ቢጨርሱትስ?»

አንድ ተቃውሞ ወረቀቱን አየ፣ ልብስ ሰፊውን አየ። ልብስ ሰፊው ቀና አላለም፤ እጁን ብቻ ዘረጋለት።

«ወፍራም ወረቀት ነው» አለ ተቀብሎ። «የአንገትጌ ልክ አልቆብኝ ነበር።»