ድፎው የተቆረሰበት ቀን

የዚያን ቀን ሳሎናችን ውስጥ የነበርነው አባቴ፣ እናቴ፣ ታላቅ እህቴ፣ ከቡሹሎ የመጣው የእናቴ ወንድም፣ አዛውንቷ ጎረቤታችንና እኔ ነን።

አባቴ ከጎጃም በመምህርነት ተመድቦ ሐዋሳ የቀረ ኦርቶዶክስ ነው፤ እናቴና አጎቴ የሲዳማ ፕሮቴስታንቶች ናቸው። አባቴ ኅዳር ሚካኤልን በየዓመቱ ይዘክራል። ድፎውን የምትጋግረው እናቴ፣ መጋገሪያውን ኮባ ከጓሮው ቆርጦ የሚያመጣው አጎቴ ነው። ከዚያው ሊጥ ለአጎቴ አንድ ሙልሙል ለብቻው ይጋገራል፤ በመልአኩ ስም ያልተባረከ። ጸሎት ሲጀመር ሙልሙሉን ይዞ በረንዳ ይወጣል። እኔ የማንኛቸውንም ጾም በቅጡ ይዤ አላውቅም፤ ይህን ሥርዓት ግን ከነዝርዝሩ አውቀዋለሁ።

ያን ዓመት አባቴን ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁ ደክሞ ነበር። ከሳምንት በፊት ጀምሮ ያሳሰበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ድፎውን ራሱ መቁረስ። ጸሎቱን ቀስ ብሎ አደረሰ። ቢላዋውን ቅርፊቱ ላይ አሳርፎ ተጫነ፤ አልገባለትም።

«መምህር፣ ልጅዎ ይቁረስልዎ» አሉ ጎረቤታችን።

«ገና አለሁ» አለ አባቴ።

እናቴ ወደ በረንዳው ዞራ ወንድሟን በሲዳምኛ ጠራችው። አጎቴ የጎረሰውን እየዋጠ ገባ፤ ማንም ሳያስረዳው ከአባቴ ጀርባ ቆመና የእጁን አንጓ ያዘ። ቢላዋው ወረደ።

«ዛሬስ ሚካኤል ያዘህ» አለው አባቴ።

«እኔ የያዝኩት እጅህን ነው። ዳቦውን አልነካሁም።»

«ቢላዋውስ?» አለች እህቴ።

«ቢላዋ ሃይማኖት የለውም፤ ይልቅ ሰሃን አቅርቢ።»

ድፎውን በመስቀል ቅርጽ ቆረሱት። አባቴ የመጀመሪያውን ቁራሽ በግራ እጁ ለጎረቤታችን ሰጠ፤ ፊቱ እንደዚያ ሲፈታ ካየሁ ቆይቼ ነበር። አጎቴ ከድፎው አልቀመሰም። ወደ በረንዳም አልተመለሰም፤ የተረፈውን ሙልሙል አባቴ አጠገብ ተቀምጦ ጨረሰ። እንዲህ ያሉ ሰዎች ስላሳደጉኝ አመሰግናለሁ።

አባቴ በመጨረሻ ወደ አጎቴ ጆሮ ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር አለው፤ ሁለቱም ሳቁ። እኔ ቄሪቦ ልቀዳ ጓዳ ገብቼ ስለነበር አልሰማሁም። እህቴ፣ አንቺ አጠገባቸው ነበርሽ። እናቴ፣ አንቺም። ይህን ጽሑፍ ስታነቡ የሰማችሁትን ጨምሩበት፤ የተሳሳትኩት ካለም አርሙኝ።