የአባባ የዝላይ ምርኩዝ

ጠጋ በሉ እስኪ ልጆቼ፣ በሩን ገርበብ አድርጉትና ተቀመጡ፤ ሐምሌ ነው፣ የደብረ ብርሃን ብርድ አጥንት ይገባል።

ልጅ ሳለሁ፣ አንኮበር ዳገቱ ላይ ስንኖር፣ የእናቴ አባት፣ አባባ የምንላቸው፣ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን ፍሙን እየቆሰቆሱ አንድ ታሪክ ያወሩልን ነበር። በጉብዝናቸው ወታደር ሳሉ፣ ያኔ ይህ የምርኩዝ ዝላይ የሚሉት ገና ወደ አገራችን ሲገባ፣ ሁሉን በልጠው አንደኛ ወጥተዋል። ማንም አላስተማራቸውም፤ ክረምት የሞላውን ወንዝ በረጅም እንጨት ተመርኩዘው እየዘለሉ ነው ያደጉት። «ሮጬ፣ ቀርከሃዬን ጉድጓዱ ውስጥ ሰክቼ፣ እግሬን ወደ ሰማይ! የሹማምንቱን ባርኔጣ ከአናቱ አየሁት» ይሉናል። ያ ቀርከሃ፣ መጨበጫው ላይ ጠፍር የተጠመጠመበት፣ ታዛው ሥር ተጋድሞ ይኖር ነበር።

እኔ አምን ነበር። የጎረቤታችን ልጅ ዘነቡ ግን ውሃ ስንቀዳ ሳቀችብኝ። «አያትሽ ጭላዳ ነው እንዴ? በዱላ ሰማይ የሚወጣ!» ሌሎቹም ተንከተከቱ። እኔም፣ ይቅር ይበለኝ፣ በአባባ አፈርኩባቸው።

የዚያን ዕለት ዝናቡ ኩበቱን አበሰበሰው። እናቴ «እሳቱ እንዳይጠፋ» ብላኝ ወጣች። ከጎረቤት ማገዶ መለመን እችል ነበር፤ እኔ ግን ቀርከሃውን በመጥረቢያ ከትክቼ ማገድኩት። በንዴት ነው እንጂ በብርድ አይደለም። ጢሱ ቤቱን ሞላው፣ አንጓው እንደ ጥይት ይጮህ ነበር።

አመሻሽ ላይ አባባ ዘነቡንና ሌሎቹን ልጆች አስከትለው ገቡ። ለካ ሳቃቸውን ሰምተው ኖሯል። እጃቸውን ለእሳቱ ዘርግተው «እሰይ የኔ ልጅ፣ ቤትሽ ይሙቅ» ብለው መረቁኝ። «በይ አሁን ቀርከሃዬን አምጪው፣ አያያዙን ላሳያቸው።»

አልተነሳሁም። ምድጃው ዳር ጠፍሩ ሲኮማተር አባባ አዩት።

«ታዲያ የታለ፣ አባባ?» አለች ዘነቡ።

«ሙቁ ልጆቼ፣ ሙቁ» አሉ። ቢገርፉኝ በቀለለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲያ የሚነግሩን የጦጣና የቀበሮ ተረት ብቻ ሆነ።

አባባ በሁለተኛው ዓመት ሁዳዴ ሲገባ አረፉ። እናቴም አፈር ለብሳለች። ዘነቡ ወደ መዘዞ ተዳረች፤ አያቴን ውሸታም እንዳለችብኝ አሁን ትዝም አይላት። እኔ ባሌን ተከትዬ እዚህ መጣሁ። እናታችሁ በልጅነቷ «ምርኩዙስ የት ደረሰ?» ስትለኝ «ምስጥ በላው» አልኳት፤ እናንተም ይኸንኑ ከእሷ ሰምታችኋል። ምስጥ አልበላውም።