የእትዬ ዘይነባ ሳህኖች

የዕቃ ማጠቢያ ማሽኔን በር ስከፍት ፊቴን የሚመታው፣ የሳሙናና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ያለው እንፋሎት፣ ሁልጊዜ ከየካ ሚካኤል በላይ ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኛል። እዚያ ቤት ይህን ሽታ የምወደው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እማዬ በሸተታት ቁጥር አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍና፣ የተደበቀ ነገር እንዳለ ሁሉ ግራ ቀኙን ታይ ነበር።

ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት ዕቃ የማጥበው እኔ ነበርኩ። በክረምት፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ግቢያችን ውስጥ ሲያድር፣ የጠዋቱ የቧንቧ ውሃ አጥንት ይሰብር ነበር፤ ሦስት ሳፋ ደርድሬ፣ በአንዱ በሳሙና አሽቼ፣ በሁለቱ አለቅልቄ ስጨርስ ጣቶቼ ደንዝዘው የሹራቤን ቁልፍ መቆለፍ ያቅተኝ ነበር። እማዬ ታዲያ እያንዳንዱን ሳህን ወደ ብርሃን አንስታ፣ በአውራ ጣቷ ጠረግ አድርጋ፣ ሲጥ ካላለላት መልሳ ሳፋው ውስጥ ትከትብኝ ነበር።

ጠርዛቸው ሰማያዊ የሆነ ስድስት ሳህኖችን ግን አታስነካኝም ነበር። የእትዬ ዘይነባ ሳህኖች ነበሩ። እትዬ ዘይነባ ከስልጤ መጥተው ከአጥራችን ቀጥሎ ትንሽ ሱቅ የከፈቱ ጎረቤታችን ናቸው፤ ሙስሊም ስለሆኑ እኛ ያረድነውን ሥጋ አይበሉም፣ እማዬም በየበዓሉ ሥጋ ባልነካው ድስት ምስር ወጥ ሠርታ በእነዚያ ሳህኖች ታቀርብላቸው ነበር። ሳህኖቹን ራሷ አጥባ፣ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ታኖራቸው ነበር።

ዝናቡ አልፎ ጥቅምት ሲገባ ማሽኑ መጣ። አባዬ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ይሠራላቸው የነበሩ የውጭ አገር ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ትተውለት፣ ሁለት የላምበረት ተሸካሚዎች እየተፈራረቁ አዝለው ዳገቱን አወጡት። አባዬ ውሃና መብራት አገናኝቶ ሲያስነሳው እማዬ በርጩማ ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

«በሩን ዘግቶ የሚሠራ ነገር ምን እንደሚሠራ በምን ይታወቃል?» አለች።

«ያጥባላ! ሌላ ምን ይሠራል?»

«በየትኛው ውሃ? ያንኑ እድፍ መልሶ መላልሶ እያዞረ ቢሆንስ?»

በጋውን ሙሉ፣ ማሽኑ ያጠበውን እየደገመች በእጇ ታጥብ ነበር። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጭራሽ ሶኬቱን ነቀለችው፤ ቅቤ የነካውን ዕቃ ካልነካው የማይለይ ነገር አላምንም ብላ። አባዬ አኩርፏት ሰነበተ፤ እኔ ደግሞ በሆዴ ከማሽኑ ጋር ነበርኩ።

በፋሲካ ማግስት እትዬ ዘይነባ ከልጆቻቸው ጋር መጥተው ምሳ በልተው ሄዱ፣ እማዬም ላምበረት ለቅሶ ልትደርስ ስትወጣ «ሰናይት፣ የእሷን ሳህኖች እንዳትነኪ፤ ስመለስ አጥባቸዋለሁ» አለችኝ። እኔ ግን ለማሽኑ ላስመሰክርለት ፈልጌ ሶኬቱን ሰካሁ፤ የዶሮ ወጡን ዕቃና ስድስቱን ሳህኖች አብሬ ከተትኳቸው። ሲያልቅ ጨርቁ ውስጥ ጠቅልዬ ቦታቸው ላይ መለስኳቸው።

እማዬ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ ጥቅሉን አወረደች።

«ማን አጠባቸው?»

«እኔ፣ በእጄ።»

አንዱን ሳህን አውጥታ ጉንጯ ላይ አስደገፈችው። «የቧንቧችን ውሃ ከመቼ ወዲህ ነው የሚሞቀው?»

ዓይኔ ወደ ማሽኑ ሄደ።

«ከዶሮው ዕቃ ጋር ነው?» አለች። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። አልመታችኝም፤ በርጩማው ላይ ቁጭ አለች።

«ዝም ብንልስ? በምን ያውቃሉ?» አልኳት።

እንደማታውቀኝ ሰው አየችኝ። «እሷ ስለማታውቅ አይደል እንዴ የምጠነቀቅላት? ሂጂና ራስሽ ንገሪያት።»

እትዬ ዘይነባ ስኳር እየመዘኑ ነበር። «ሳህኖችዎን ከሥጋ ዕቃ ጋር አጠብኳቸው» ስላቸው እጃቸው ቆመ። «እናትሽ ናት የላከችሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኩ። «እሺ፣ ሂጂ ልጄ» ብለው ወደ ሚዛናቸው ዞሩ።

ክረምቱ ሲገባ ወደ ቤታችን መምጣት ካቆሙ ሰንብተው ነበር። በአጥሩ ላይ ሰላም ይሉናል፤ እኔ ግን የሰላምታቸውን ቃል ሁሉ እፈትሽ ነበር። ሱቅ የሚጠብቅልኝ አጣሁ ሲሉ ሰበብ ይመስለኛል፣ ከሌላ ጎረቤት ጋር ሲስቁ እኛን የሚያነሱ ይመስለኛል። እማዬም እኔን ማመን ትታ ነበር፤ ዕቃ አጥቤያለሁ ስላት እጄን ይዛ ታሸት ነበር። ከዝናቡም ከብርዱም ይልቅ የከበደኝ ያ ነበር።

ለመስቀል እማዬ ስድስት አዲስ ሳህኖች ገዝታ፣ ይመጡ እንደሆነ ብላ ምስሩን ጣደች። ቀትር ላይ እትዬ ዘይነባ መጡ፤ ተቀመጪ ቢባሉም ሳይቀመጡ ቀጥ ብለው ማድ ቤት ገቡና እጅጌያቸውን ጠቀለሉ።

«የድሮዎቹን አምጪ» አሉ። «አዲሶቹን መልሺ። እኔ እዚህ ቤት የምበላው ሳህን አምኜ ነው እንዴ?»

«ታዲያ ለምን ቀረሽ?» አለች እማዬ።

«ተናድጄ ነዋ! ሰው አይናደድም? ከሌላ ሰው አፍ ብሰማው ኖሮ ግን ይሄን ደጅ ሁለተኛ አልረግጥም ነበር።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ነይ፣ እኔ በሳሙና አሻለሁ፣ አንቺ አለቅልቂ» አሉኝ።

ስድስቱን ሳህኖች ደጋግመን አጠብናቸው። ምሳ ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ውጠው እስኪጨርሱ ድረስ ዓይኔን ከአፋቸው አልነቀልኩም ነበር።

ዛሬም የምኖረው የካ ነው፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ። አልዋሽም፣ የእኔ ማሽን ከእኔ የተሻለ ያጥባል፤ የልጄ ጣቶች በብርድ ደንዝዘው አያውቁም፣ በዚህም ደስ ይለኛል። ከደጃፌ ፊት ለፊት የምትኖረውን ሴት ግን ምን እንደምትበላና ምን እንደማትበላ አላውቅም፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ ሰላም ተባብለን እንተላለፋለን። ዕቃሽን በምን አጠብሽው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። ቤቴ ገብቶ የበላ የለማ።