የየኔታ ስም ያለበት ቅጂ

ባለፈው ሳምንት ለሦስተኛ ዲግሪ ለሚዘጋጁ መምህራን የእንግሊዝኛ የጥናት ጽሑፍ አጻጻፍ ሳስተምር፣ የሐሳብ ባለቤት እንዴት እንደሚጠቀስ በሰሌዳው ላይ ዘረዘርኩ። ስም፣ ዓመት፣ ገጽ። ነገርን በቅደም ተከተል ማስረዳት ስለምወድ ሰሌዳው ሞልቶ ነበር።

ከአርብ ገበያ የመጣ አንድ መምህር እጁን አወጣ። «መጽሐፍ ያልጻፈ ሰውስ ይጠቀሳል?» አለና መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ጓደኞቹ ዞረ። «መምህራችን አድርገውታል እኮ። ወረቀታቸውን ቤተ ልሔም፣ የዜማ መምህሩ የኔታ ፈንታ ዘንድ አይቻለሁ። የየኔታ ስም እዚያው ላይ አለ።»

ጆሮዬ ጋለ።

ያንን ወረቀት ስጽፍ ንፋስ መውጫ አስተምር ነበር። ለሦስተኛ ዲግሪ ለመወዳደር የክረምት የእንግሊዝኛ ዝግጅት ትምህርት ገብቼ፣ ስለ ማስተማር አንድ ጽሑፍ እንድናቀርብ ታዘዝን። ሦስት ቀን ተቀምጬ ከመግቢያው አላለፍኩም። ሰዋስው አላስቸገረኝም፤ የምለው ነገር ነው ያጣሁት።

በአራተኛው ቀን ዕድሜያቸውን በማስተማር ያሳለፉ ሰው ልጠይቅ ብዬ ሚኒባስ ይዤ አርብ ገበያ ወረድኩ፤ ከዚያ በጭቃው መንገድ በእግሬ ቤተ ልሔም ደረስኩ። የኔታ ፈንታ አንዱን ተማሪ ዜማ በቃል እያስቀጸሉ ነበር። ተማሪው ዜማውን ሲስት ዝም አሉ። ቀጠለ፣ አሁንም ሳተ። «ከመነሻው» አሉት ብቻ።

ትኩስ ድንች ሲያቀርቡልኝ፣ ስለ ማስተማር ጽሑፍ እንደታዘዝኩ ነግሬያቸው ለምን ስህተቱን እንደማይነግሩት ጠየቅኳቸው።

«እኔ ብነግረው የእኔ ይሆናል» አሉ። «ከመነሻው ሲመጣ ራሱ ይደርስበታል፤ ያን ጊዜ አይረሳውም። አንተስ ፊደል ቆጥረህ የለ? ድንቹን ብላ እንጂ፣ እስክሪብቶ አይበላም።»

ድንቹን በአንድ እጄ እየበላሁ በሌላው ጻፍኩ።

ጽሑፌ በሁለት ቀን አለቀ። የምንጮች ዝርዝር ላይ ስደርስ ደራሲ፣ ዓመት፣ አሳታሚ ይላል መመሪያው። የኔታ አንዱም የላቸውም፤ ስማቸውን ሳልጽፍ ተውኩት። ምክንያቴ ይህ ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። እውነቱ ግን ሐሳቡ በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የእኔ መስሎ አምሮብኝ ነበር።

አስተማሪያችን ጽሑፉን በክፍሉ ፊት አነበበችው። «ይህ ሐሳብ ከየት መጣ?» አለችኝ።

«በማስተማር የደረስኩበት ነው» አልኩ።

አጨበጨቡልኝ። ጽሑፉም ከማመልከቻዬ ጋር ተያይዞ ሄደ።

መስከረም ላይ ለምስጋና ስኳር ይዤ ቤተ ልሔም ተመለስኩ። የኔታ ገና ሳልቀመጥ፣ «ከማን ሰማኸው ብለው ጠየቁህ?» አሉኝ። የአብነት ተማሪ ከአንዱ ጉባኤ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህንኑ ነው። መምህሩን ካልጠራ ያወቀው አይቆጠርለትም።

«ጠይቀውኛል።»

«ምን አልህ?»

«ስምዎን ጠራሁ።»

የኔታ ሳቁ። «በእንግሊዝ አፍ? ፈንታ ማለት አላቃታቸውም?» ከዚያ ሳቃቸውን አቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «እስቲ ወረቀቱን አምጣልኝ። ማንበቡን አልችል፤ ስሜን ታሳየኛለህ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ንፋስ መውጫ ካለች አንዲት ማተሚያ ቤት ገባሁ። በሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ መስመር ጨምሬ አዲስ ቅጂ አሳተምኩ። ስማቸው፣ ቦታው፣ «ከቃላቸው የተሰማ»። ወስጄ ሳሳያቸው የኔታ መስመሯን በጣታቸው ዳሰሷት፤ ከዚያ የመጽሐፋቸውን የቆዳ ማኅደር ከፍተው ወረቀቱን አኖሩት። እስከ በሩ ድረስ እየመረቁ ሸኙኝ። ምርቃቱን ራሴን አጎንብሼ ተቀበልኩ።

ተወዳድሬ አለፍኩ፤ ዛሬ ዶክተር ይሉኛል። የኔታ ዛሬም እንግዳ ሲመጣ ማኅደሩን እየከፈቱ ያሳያሉ አሉ።

ለአርብ ገበያው መምህር የሰጠሁትን መልስ ልናገር። «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ይጠቀሳል» ብዬ አጠቃቀሱን በሰሌዳው ላይ ጻፍኩለት። ትክክል ነበር። ሁሉም ደብተራቸው ላይ ገለበጡት።

የየኔታን አካሄድ ብከተል ግን ከመነሻው መጀመር ነበረብኝ። ስለዚህ እዚህ ልጀምር። ተማሪ ስህተቱን ራሱ እንዲደርስበት ከመነሻው ይመለስ የሚለው ሐሳብ የእኔ አይደለም። የኔታ ፈንታ፣ ቤተ ልሔም፤ ከቃላቸው የተሰማ።