እስከ ሰባት ቁጠርልኝ

አጎታችን ጋሼ ካረፉ ሁለት ወር ሞላቸው። ወንድሜ ፕሮፌሽናል የአሜሪካን ፉትቦል ተጫዋች ነው፤ ጋሼ ግን «ማን አሸነፈ?» ብለውት አያውቁም። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ ከሳን ሆዜ ይደውሉና «እስኪ አባቶችህን እስከ ሰባት ቁጠርልኝ» ይሉታል። ሌላውን ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚመልሰው ልጅ ሰባቱን ስም አንድ ሳይስት ያወርድላቸው ነበር። «ተባረክ» ብለው ይዘጋሉ።

በዘራቸው የሚኮሩ ይመስለን ነበር። አንድ እሁድ ኦክላንድ ከቸርች ስንወጣ ግን እውነቱን ነገሩኝ። ካምቤል ከተማ በሚሠሩበት የአረጋውያን መጦሪያ አንድ የድሮ የፉትቦል ተጫዋች ያጥቡ ነበር። ሰውዬው በጨዋታው ጭንቅላቱን ሲያጋጭ ኖሮ የገዛ ልጁ ስም ጠፍቶበታል። «ከስም ነው የሚጀምረው» አሉኝ።

ባለፈው ሲዝን ማለቂያ ላይ ወንድሜ ስድስተኛው ስም ላይ ቆመ። «ታየርድ ስለሆንኩ ነው ጋሼ» አለ። አጠገባቸው ነበርኩ፤ ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ከጆሯቸው አላነሱትም። ጨዋታውን እንዲያቆም ለመኑት። እሱ ግን ኮንትራቱን አሳደሰ።

በቀብራቸው ቀን ሬሳ ሳጥናቸውን ከፊት ሆኖ የተሸከመው እሱ ነው። እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ትናንት የአዲሱ ሲዝን የመጀመሪያ ጨዋታ ነበር። የሚደውልለት ስለሌለ እኔ ደወልኩ።

«እስኪ አባቶችህን ቁጠርልኝ» አልኩት።

ሳቀና ጀመረ። አራተኛው ስም ላይ ቆመ። ከኋላው የጓደኞቹ ጫጫታ ይሰማኛል።

«ዌይት» አለኝ፤ «ጋሼ ያውቁታል። ኮል አድርጊላቸው።»