ወደ ላይ የሚሄደው ባዶ አውቶቡስ

ባለፈው ቅዳሜ ባለቤቴ የክት ልብሶችን ከሻንጣ ስታወጣ የናፍታሊን ሽታ ቤቱን ሞላው። ልጆቼ ምንጣፍ ላይ ተኮልኩለው በስልክ የአዲስ አበባን ፎቆችና መናፈሻዎች ያሳዩኝ ነበር። "አባዬ፣ ሁለት ቀን ብቻ! እዚህ ጋ ፎቶ እንነሳለን፣ እዚህ ጋ አይስክሬም እንበላለን፣ ከዚያ እንመለሳለን" ይላል ትንሹ። ነገር አዋቂዋ ታላቅ እህቱ ደግሞ፣ "በመስቀል እንሂድ። ሰው ሁሉ ወደ ሆሳዕና ከተማ ስለሚመጣ ወደ ላይ፣ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪና ባዶ ነው" አለችኝ።

"በመስቀል አይሆንም" አልኳት። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ከረረ። "ለምን?" አለች።

እኔ ትምህርቴን በልጅነቴ አቋርጬ፣ በእንጨት ሥራ እየኖርኩ፣ እጄ የገባውን መጽሐፍ ሁሉ እያነበብኩ ራሴን ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ልጆቼን ሳሳድግ አጥብቄ የያዝኩት አንድ ነገር ቢኖር፣ የጠየቀኝን ልጅ እውነቱን መንገር ነው። የዚያን ቀን ግን ተነስቼ ወደ ደጅ ወጣሁ። ሽታው ተከትሎኝ ወጣ።

ያኔ አሥራ አምስት ዓመት ገደማ ይሆነኛል። ቤታችን ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሌሞ ወረዳ ውስጥ ነበር፤ ከጀርባው እንሰት፣ ከፊቱ የገብስ ማሳ። አባቴ ቁጡ ሰው ነበር። ከአፋችን ውሸት ከወጣ በአርጩሜ ይገርፈናል፤ ከገረፈን በኋላ ደግሞ አስቀምጦ ስለ እውነት ረጅም ምክር ይሰጠናል። ከአርጩሜው ይልቅ ምክሩ ይከብደን ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ነው አንድ ቀን ከእርሻ ተመልሶ እግሩን እየታጠበ፣ ቀና ሳይል፣ "በመስቀል አዲስ አበባ እወስዳችኋለሁ። ከተማ ማየት አለባችሁ" ያለን።

ታናሽ እህቴ ጮኸች። እኔም ልቤ ዘለለ። እናቴ ግን የያዘችውን ማሰሮ ቀስ አድርጋ አስቀምጣ አየችው።

በእኛ አገር መስቀል፣ በቋንቋችን ያሆዴ የምንለው፣ ሰው ከቤቱ የሚወጣበት በዓል አይደለም፤ ወደ ቤቱ የሚገባበት ነው። አዲስ አበባ ጫማ የሚጠርገውም፣ ሱቅ የሚነግደውም፣ ቢሮ የሚውለውም ለዚያ ቀን ይመጣል። ጎረቤት ተሰባስቦ በሬ ያርዳል። ከዚያ በፊት ግን የተጣላ ሁሉ ይታረቃል፤ ከወንድሙ ጋር ተኳርፎ የበዓሉን ሥጋ የሚቀምስ የለም። በዚያ ሰሞን ቤቱን ዘግቶ የሚሄድ ሰው፣ ወይ እብድ ነው ወይ የሚሸሸው ነገር አለው።

እኔ ይህን ሁሉ አላሰብኩም። ከተማው ውስጥ ታስሮ ይታያል የሚሉትን አንበሳ ነበር የማስበው። እህቴ ደግሞ ሊፍት። "ቤቱ ራሱ ሰውን ይዞ ወደ ላይ ይወጣል አሉ፤ እውነት ነው?" እያለች ያገኘችውን ሁሉ ትጠይቃለች። አባቴ አዲስ አበባን የሚያውቃት በወጣትነቱ ለአጭር ጊዜ ሠርቶባት ነው፤ ሆኖም እንደ ከተማው ባለቤት ያስጠናን ጀመር። ወደ ፎቅ አንጋጦ ማየት ክልክል ነው፣ ሌባ ከገጠር የመጣን ሰው በአንገቱ ያውቀዋልና። መንገድ የምንሻገረው እጅ ለእጅ ተያይዘን ነው። ይህንንም በግቢያችን አለማመደን፤ ጥጃዋን መኪና አደረጋትና እኔ ከዳር ሆኜ እነዳታለሁ፣ እህቴና እናቴ ግራ ቀኝ አይተው ይሻገራሉ። ጥጃዋ አንድ ጊዜ መንገዷን ስታ እናቴን በግንባሯ ገፋቻት። "በቃ፣ ገና ሳልሄድ ተገጨሁ!" ብላ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። አባቴም ሳቀ። በዚያ ሰሞን ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"የት ነው የምናድረው?" ብላ ጠየቀችው ከሳቋ ስትመለስ።

"ሆቴል።"

"ወንድምህ ቤት እያለ ሆቴል?"

አባቴ ጥጃዋን ወደ ማሰሪያዋ ወሰዳት።

የአጎቴን ነገር ልንገራችሁ። አጎቴ የአባቴ ታናሽ ነው፤ አዲስ አበባ ቤት መሥርቶ የሚኖር። አያቴ ሲሞት መጥቶ ነበር፤ የመጣው ግን ከቀብር በኋላ ነው። ለቅሶ ላይ፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ፊት፣ አባቴን "ሐኪም ቤት ሳትወስደው በእጅህ ገደልከው" አለው። አባቴ አያቴን "ነገ ይሻለዋል፣ ነገ ይሻለዋል" እያለ ቀኑን ሲያሳልፍ እኔም አይቻለሁና፣ የአጎቴ ቃል ለምን እንደዚያ ዘልቆ እንደገባ ዛሬ ይገባኛል። ከዚያ ወዲያ አጎቴ ለመስቀል መምጣት ተወ። ሁለቱም ስማቸውን አይጠራሩም ነበር።

ታዲያ ጉዟችን ሲቃረብ፣ እናቴ ከእንሰቱ ጀርባ ቆጮ የምታዘጋጅበት ቦታ ላይ ከአባቴ ጋር ስትነጋገር ሰማኋት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነበር።

"ሽማግሌዎቹ ዘንድሮ ወንድምህ ይመጣል ብለውሃል። በበዓሉ ዋዜማ ሊያስታርቋችሁ ነው። ምን ትላቸዋለህ?"

"ልጆቹን ከተማ ላሳይ ሄድኩ እላለሁ። ውሸት ነው?"

"ልጆቹን መሸፈኛ አታድርጋቸው።"

"ዝም በይ!"

ከዚያ ቀን ጀምሮ የጉዞው ዝግጅት አፈር አፈር አለኝ። እህቴ ሊፍቷን ስታወራ ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ይባስ ብሎ ወሬው ሰፈር ገብቷል። ባልንጀሮቼ ወንዝ ዳር ጠብቀው፣ "አዲስ አበባ ያለው ሰው ሁሉ ወደዚህ እየመጣ እናንተ ማንን ልታዩ ነው? ፎቁን?" ይሉኛል። አንዷ ጎረቤታችን ደግሞ በአጥር ላይ አንገቷን አስግጋ እናቴን፣ "ሥጋ ጠላችሁ እንዴ? ወይስ ሽማግሌ?" አለቻት። እናቴ እንዳልሰማች ሆነች። እኔ ግን ፊቴ እንደ እሳት ነደደ። ለጓደኞቼ "አባቴ ስለሚወደን ነው" ብዬ ስመልስ የራሴ ድምፅ ለራሴ ባዶ ነበር።

የሄድንበት ጠዋት ጭጋግ ነበር። የክት ልብሳችንን ለበስን፤ ሁላችንም ናፍታሊን ናፍታሊን እንሸታለን። እናቴ ለመንገድ ቆጮና በቅቤ የታሸ አይብ በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ በዘንቢል ያዘች። በፈረስ ጋሪ መናኸሪያ ደረስን። ከአዲስ አበባ የሚመጡት መኪናዎች እስከ ጣሪያቸው ተጭነው፣ ጭቃ ተለቃልቀው ይገባሉ፤ ሰው በመስኮት ሳይቀር ይወርዳል፤ እልልታ፣ መሳሳም፣ የጠፋ ሻንጣ ፍለጋ። ወደ ላይ የሚሄደው አውቶቡስ ግን በሩን ከፍቶ ባዶውን ቆሟል።

"አባባ፣ ትንሽ ይጠብቁ፤ በባዶ ነዳጅ አናቃጥልም" አለ ረዳቱ፣ በአፉ መፋቂያ የያዘ ቀጭን ወጣት። ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ራሱን እየነቀነቀ አየን። "ቆይ ግን፣ ሰው እየወረደ እናንተ የምትወጡት መስቀሉን ለማን ትታችሁ ነው?"

"ሥራህን ሥራ" አለው አባቴ።

"ሥራዬማ ሰው መጫን ነበር፤ ሰው የለም እንጂ!"

ሹፌሩ ከመሪው ላይ ሆኖ ሳቀ። እኛም ዘንቢላችንን ከፊታችን አድርገን በመደዳ ቆምን። ጠብጠብ የሚል ዝናብ መጣ፤ ሄደ። ፀሐይ ወጣች። ያወቁን ሰዎች ሰላም ብለውን ወደ አውቶቡሱ፣ ከዚያ ወደ ዘንቢሉ፣ ከዚያ ወደ አባቴ ፊት አይተው ያልፋሉ። ያን ያህል ሰዓት ሰው ዓይን ውስጥ ቆሜ አላውቅም።

እኩለ ቀን ሲቃረብ፣ መንገድ ላይ ተበላሽቶ ወራቤ ያደረ አንድ አውቶቡስ እያቃሰተ ገብቶ ልክ ከፊታችን ቆመ። በሩ ተከፈተ። መጀመሪያ የወረደው አጎቴ ነበር።

ጠጉሩ ሸብቷል። ደረጃው ላይ እንዳለ አባቴን አየው፤ ከዚያ እናቴን፣ እኔን፣ እህቴን፤ የክት ልብሳችንን፣ በመደዳ መቆማችንን። የያዘው ቦርሳ ከእጁ ወደቀ። መጥቶ በአባቴ ጉልበት ላይ ተደፋ።

"ጋሼ... ልጆችህን ሁሉ ይዘህ? እኔን ልትቀበል? እኔ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ምን ብዬ ፊቱን አየዋለሁ እያልኩ ነው የመጣሁት!"

የአባቴ አፍ ተከፈተ። እጁ በዝግታ ወርዶ የወንድሙ ትከሻ ላይ አረፈ።

እህቴ "ሊፍቱስ..." ስትል የእናቴ እጅ በነጠላዋ ሥር ሸሸጋት።

ልክ ያን ጊዜ ረዳቱ የአውቶቡሱን ጎን በመዳፉ መታ። "አባባ! በቃ በባዶው ልንሄድ ነው፣ ግቡ እንጂ!"

አጎቴ ቀና አለ። እኔ አባቴን አየሁት። እውነትን በአርጩሜ ያስተማረኝን ሰው። ረዳቱን ሳያይ፣ መሬት መሬት እያየ፣ "ተሳስተሃል ልጄ" አለው። "እኛ እንግዳ ልንቀበል ነው የመጣነው።"

"እንዴ! ከጠዋት ጀምሮ እኮ..."

አጎቴ ዘንቢሉን ያየው ያኔ ነው። "ይሄስ?"

"እርቦህ ይሆናል ብለን ነው" አለች እናቴ። ድምጿ ቀጥ ያለ ነበር፤ ጆሮዋ ግን ቀልቷል።

አጎቴ እዚያው ቁጢጥ ብሎ ቅጠሉን ፈታ። እያለቀሰ ጎረሰ። አባቴን አጎረሰው፤ አባቴ እንደ ሕፃን አፉን ከፈተ። ከዚያም ረዳቱን፣ "ና፣ ና አንተም ብላ! ወንድሜ ያመጣልኝ ነው!" ብሎ ጠራው። ረዳቱ መጣ። የተሰጠውን ተቀብሎ እያኘከ አባቴን ለረጅም ጊዜ አየው፤ እኔንም አየኝ። ከዚያ አፉን ጠርጎ "እግዜር ይስጥልኝ" ብሎ ወደ መኪናው ሄደ። አውቶቡሱ ባዶውን ወጣ። እህቴ እስኪርቅ ድረስ አንገቷን አዙራ አየችው።

በበዓሉ ዋዜማ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ አጎቴ ቆሞ፣ "እናንተ ደክማችኋል፤ ወንድሜ ቀድሟችሁ በመናኸሪያ ታርቆኛል" አላቸው። ነገሩን አንድም ሳያስቀር ነገራቸው። ሽማግሌዎቹ አባቴን መረቁት፤ ለወጣቱም ምሳሌ አድርገው ጠሩት። ያቺ በአጥር ላይ ያሾፈችው ጎረቤታችን ሳትቀር፣ "ለካ ለዚህ ነው ሚስጥር ያደረጋችሁት!" ብላ እናቴን አቀፈቻት። አባቴ አንገቱን እንደ ደፋ ነበር። ሰው ትሕትና መሰለው።

ከዚያ በኋላ አባቴ ስለ ውሸት ተቆጥቶን አያውቅም። አርጩሜው ቀረ፤ ምክሩም ቀረ። ይቅር ማለቱ ግን እውነተኛ ነበር፤ ይህን ባልመሰክር እበድላለሁ። ሁለቱ ወንድማማቾች እስኪሞቱ ድረስ ተዋደው ኖሩ። እንዲህ ያለ መልካም ነገር ከእንዲያ ካለ ሥር እንዴት ሊበቅል እንደቻለ ብዙ መጽሐፍ አገላብጫለሁ፤ መልስ አላገኘሁም። ልጆቼን "ውሸት መልካም ፍሬ አያፈራም" ብዬ ስመክር ድምፄ የሚሰበርበት ቦታ እዚያ ጋ ነው። እናቴና እህቴም አዲስ አበባን አብረው ሳያዩ ቀሩ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዞው ያነሳ ሰው የለም፤ ማንሳት መክሰስ ይሆን ነበር።

አጎቴ ያረፈው ዓምና ነው። እናቴና አባቴ ቀድመውታል። ለቅሶው ላይ ትልቋ ልጁ ልጆቿንም ልጆቼንም ሰብስባ ከጎኔ ተቀመጠች። "አባባ ይህን ታሪክ ሳይናገር የዋለበት መስቀል የለም" አለቻቸው። "ወንድሙ ተበድሎ ሳለ፣ ሽማግሌ ሳይልክ፣ ቤተሰቡን የክት አልብሶ፣ ምግብ አሲዞ፣ ከጠዋት ጀምሮ መናኸሪያ ቆሞ ጠበቀው። ዝናብ እየመታቸው!" ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ "አንተም ነበርክ አይደል? እስቲ ንገራቸው" አለችኝ።

ልጆቹ ሁሉ ቀና ብለው አዩኝ። የእኔዋም ታላቅ ልጅ፣ ነገር አዋቂዋ፣ ከመካከላቸው ነበረች።

"ነበርኩ" አልኩ።

የአጎቴ ልጅ እጄን አንስታ ሳመችው። ወዲያው መልሼ በጋቢዬ ውስጥ ከተትኩት።